ጾም ነው ያለችኝ ሯጭ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ቶሮንቶ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል ስድስት ዓመት የምግብ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሯጩ፣ ዋናተኛው፣ ኳስ ተጫዋቹ ምን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚበላ መንገር ነው ሥራዬ። እንዲህ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። ቢሮዬ ግን ቀድሞ ፎጣ ይቀመጥባት የነበረች፣ መስኮት የሌላት ክፍል ናት። ከግድግዳው ማዶ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ሲያጓሩ የኔም ጠረጴዛ አብሮ ይንቀጠቀጣል። የክፍሉ ኃላፊ ቁልፉን ሲሰጠኝ "ለጊዜው ነው" አለኝ። ስድስቱንም ዓመት ለጊዜው እዚያው ተቀመጥኩ።

ሰው መናቅ የጀመርኩት እዚያ ነው ብል ውሸት ነው፤ ድሮም ይቀናኝ ነበር። እዚያ ግን ጎበዝ ሆንኩበት።

ለእያንዳንዱ ስፖርተኛ የሳምንት ምግቡን የሚጽፍበት ደብተር እሰጣለሁ። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾቹ ደብተር ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ ሰኞ ፒዛ፣ ማክሰኞ ፒዛና ቢራ፣ ረቡዕ አላስታውስም። በመጀመሪያው ስብሰባችን አንዱ እጁን አወጣና ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከኢትዮጵያ አልኩት። ከኋላ ወንበሮች ሳቅ መጣ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ልጆች ሆነው በቴሌቪዥን ያዩትን እንጂ ስለኛ ሌላ የሚያውቁት የለም። ኢትዮጵያዊት ስለ ምግብ ልታስተምረን መጣች ነው ነገሩ። "አዎ፣ ስለ ምግብ እኛን ያህል ያሰበበት ሕዝብ የለም" አልኳቸውና ትምህርቴን ቀጠልኩ። ሳቁ ቆመ፤ ፒዛው ግን አልቆመም።

ከነሱ የባሰው ደግሞ ኃላፊው ነው። ከውድድር በፊት ባለው ምሽት ሁሉንም ሰብስቦ ፓስታ ማብላት ይወዳል። ጦር ወርዋሪውም፣ አምስት ሺህ ሯጩም፣ በነጋታው የማይወዳደረውም እኩል አንድ ትሪ ፓስታ ያነሳል። ይህን "ሳይንስ" ይለዋል። ከፓስታው ጎን አንድ ነጋዴ በባልዲ የታሸገ ነጭ ዱቄት ይዞ ይቆማል፤ ጡንቻ ያወጣል ተብሎ ነው። ምን እንዳለበት ብጠይቀው "ፕሮቲን" አለኝ። ምን ዓይነት ፕሮቲን ስለው ባልዲውን አገላብጦ አነበበና "ንጹሕ" አለኝ። ኃላፊው የባልዲውን አርማ በትራኩ አጥር ላይ ሰቅሎለት ነበር። በእነዚህ ሰዎች መካከል ነው እንግዲህ በዲግሪ የተቀመጥኩት።

ከሁሉም በላይ የናቅኩት ግን የሴቶቹን የረጅም ርቀት አሰልጣኝ ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ኮሪደር ላይ አሰልፎ ተራ በተራ ሚዛን ላይ ያወጣቸዋል፤ ኪሏቸውን ደግሞ ከቀላሏ ጀምሮ ነጭ ሰሌዳ ላይ በማርከር ይጽፋል። ሰሌዳው መጨረሻ ላይ ስሟ ያለባት ልጅ ያን ሳምንት ምሳ አትበላም። ቀላል ሰው ፈጣን ነው የሚል ነገር አንድ ጊዜ አንብቧል፤ ከዚያ ወዲህ ያነበበ አይመስለኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህ ሰውዬ ሁለቱም ነበር።

ግማሽ ዓመት ተጣላሁት። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ስብሰባ ጠራሁ፣ ክሊኒኩን ከጎኔ አሰለፍኩ። በመጨረሻ ሰሌዳው ወረደ፤ ሚዛኑ ወደኔ ክፍል መጣ። ስምምነቱ ግልጽ ነበር። በየሰኞው በር ዘግቼ እኔ እመዝናቸዋለሁ፤ ቁጥሩን ለማንም አልናገርም። ያላማረኝ ነገር ካለ የዚያን ሳምንት ወረቀት አልፈርምም፤ እኔ ያልፈረምኩላት ልጅ ደግሞ አትሠለጥንም፣ አትወዳደርም። ለዚያ ፊርማ የታገልኩትን ያህል ለትዳሬ ብታገል ኖሮ ዛሬም ባለትዳር ነበርኩ።

የኛም ሰዎች አልቀሩልኝም። አንድ የአክስቴ ልጅ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ አግኝታኝ "አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ወጥ ቤት ለመሆን ነው?" አለችኝ፤ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ሌላዋ ጎትታ ወደ ጓዳ ወሰደችኝና በሁለት ሳምንት የሚያከሳ ኪኒን እንድጽፍላት ለመነችኝ። ያደግኩት ጴንጤ ቤት ስለሆነ እዚህም በአማርኛ የሚሰበክበት ቤተ ክርስቲያን ጀምሬ ነበር፤ ከስብከቱ ሐሜቱ ሲረዝምብኝ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ሐበሻ በሚበዛበት ሴንት ጄምስ ታውን በሚባል ሰፈር አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ በሬን ዘግቼ መኖር ነው። ሊፍት ውስጥ አማርኛ ስሰማ ዓይኔን ከጋዜጣዬ አላነሳም ነበር። ኋላ ቀር ናቸው፣ እኔ ከነሱ አልፌያለሁ ብዬ አምን ነበር፤ አፍ አውጥቼም እለው ነበር።

ልጅቷ የመጣችው በአራተኛው ዓመቴ ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፣ ሦስት ሺህ ሜትር ትሮጣለች። ካናዳ የገባችው በስድስት ዓመቷ ሲሆን ከእናቷ ጋር ከከተማው ዳር ስካርቦሮ ትኖራለች፤ ለጠዋት ልምምድ ሁለት አውቶቡስና የምድር ውስጥ ባቡር ይዛ ሰዓት ተኩል ተጉዛ ትመጣለች። ከቡድኑ ሐበሻ እሷ ብቻ ናት። አሰልጣኙ ገና ሲያያት "ሩጫ በደሟ ነው" እያለ ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር። ይህን ስነግራት ሳቀች። ከቤተሰቧ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ካልሆነ በቀር የሮጠ ሰው እንደሌለ ነገረችኝ። ወደድኳት። እንግሊዝኛው ሲደክማት የምታወጣት የሕፃን አማርኛዋም ደስ ትለኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ ውስጥ አንድ ሰኞ ሚዛን ላይ ስትወጣ ሁለት ኪሎ ቀንሳለች። ድሮም ትርፍ ሥጋ የላትም። ምን ሆነሽ ነው አልኳት።

"ጾም ነው" አለችኝ በአማርኛ።

ሁዳዴ ገብቷል ለካ። አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፣ ግን ደስ አለኝ። በዚያ ሕንጻ ውስጥ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ተገኘ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ለአሰልጣኙና ለኃላፊው ስለ ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ጾም አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ እንደማይበላ፤ አጥብቀው የሚጾሙት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም እንደማይቀምሱ፤ ሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን እንደሆነ፤ ከዚያ ውጭ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ እንደሚጾም። "ዓመቱን ሙሉ" የሚለውን አሰመርኩበት። ኃላፊው ገጹን አባዝቶ በየአሰልጣኙ ሣጥን ውስጥ አስገባው፤ በስብሰባ ላይም አመሰገነኝ። አንድ ቀን ጾሜ የማላውቅ ሰው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቃል አቀባይ ሆንኩ።

ለልጅቷ የጾም ምግብ ፕላን ሠራሁላት። ምስር፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ፣ ተልባ፣ ካልሲየም የተጨመረበት የብርቱካን ጭማቂ። የምትበላበትን ሰዓት ከልምምዷ ጋር አስማማሁት። በየሳምንቱ ደብተሯን ታመጣለች፤ እጅ ጽሑፏ ደግሞ ሲያምር። ሽሮ ሁለት ጭልፋ፣ ምስር ወጥ፣ የሱፍ ፍትፍት አንድ ሳሕን። ከዚያ ሁሉ የፒዛና የቢራ ደብተር በኋላ እንዲህ ያለውን ሳነብ ሆዴ ይራራ ነበር። ሚዛኑ ግን ከደብተሩ ጋር አልስማማ አለ። ይህን ሁሉ የሚበላ ሰው አይቀንስም፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ግን እናቷ እቤት አጥብቃ ታጾማታለች፣ ልጅቷ ደግሞ አፍራ አልነገረችኝም ብዬ ራሴ ታሪኩን ሞላሁላት።

አንድ ሰኞ እንዲያውም ስመዝናት እየሳቅኩ "የኛ እናቶች ልጃቸው ብትወድቅ ግድ የላቸውም፣ ጾሙ አይፍረስ እንጂ" አልኳት። የመግባባት መስሎኝ ነው። እሷም ሳቀች፤ ትንሽ ቆይታ አየችኝና ጫማዋን አሠረች።

ሌላም ያልጠየቅኳት ነገር አለ። ክብደት የቀነሰችን ሴት ሯጭ ሁሉ የወር አበባዋ እንዳልቆመ እጠይቃለሁ፤ ቅጹ ላይም ራሱን የቻለ መስመር አለው። ፈረንጆቹን ሳላፍር እጠይቃቸዋለሁ። የሐበሻ ልጅን፣ ያውም በአማርኛ፣ መጠየቅ ነውር መስሎ ታየኝ። መስመሩን ባዶ ተውኩት። ከኋላ ቀርነት አምልጫለሁ የምትለዋ ሴትዮ እኔ ነኝ እንግዲህ።

ማርች ላይ አሰልጣኙ በሬ ላይ መጥቶ ቆመ። ተቀመጥ አላልኩትም። ልጅቷ የመጨረሻውን ዙር መጨረስ እንዳቃታት፣ ፊቷም እንዳላማረው ነገረኝ። "እርግጠኛ ነሽ? ቤተሰቧን ብናነጋግርስ?" አለኝ።

አሁንም ድረስ ይታየኛል፤ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ጥያቄ ጠይቆ የቆመው። እኔ ግን ኪሎ በሰሌዳ ይጽፍ የነበረ ሰው ስለ ሴት ልጅ ጤና ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። በምችለው እንግሊዝኛ ሁሉ የሰው ሃይማኖት የሱ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ባህሉን የማውቀው እኔ እንደሆንኩ፣ ፋሲካ ሲደርስ ኪሎዋ እንደሚመለስ ነገርኩት። ይቅርታ ብሎኝ ሄደ። ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ፋሲካ አለፈ። በመጀመሪያው ሰኞ ኪሎዋ ያው ነው። በሁለተኛው ሰኞ ጭራሽ ሌላ ኪሎ ቀነሰች። ክንዷ ላይ ጥቃቅን ጸጉር በቅሏል፤ ሰውነት ሲራብ ለሙቀት የሚያወጣው ጸጉር ነው፣ ከመጽሐፍም ከሰውም አውቀዋለሁ። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና ሁዳዴው ካለፈ ታዲያ ምንድን ነው አልኳት።

"ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ" አለችኝ። "አሰልጣኙ ያሳየኝ ወረቀት ላይ አንቺ ራስሽ ጽፈሽው የለ? ዓመቱን ሙሉ ነው።"

አዎ፣ ጽፌዋለሁ፤ አስምሬበታለሁም። እስክሪብቶዬን መልሼ አነሳሁና ፈረምኩ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይህ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ትራኩ ላይ ነበርኩ። ለልምምዱ ውኃና ብርቱካን ይዤ ነው የሄድኩት። ልጅቷ ከማዶ ባለው መታጠፊያ ላይ ቆመች። አልወደቀችም፣ ማንም አልነካትም። ዝም ብላ ቆመችና ሳሩ ላይ ተቀመጠች። ስንደርስ ዳሌዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ ተነሺ ብንላት እግሯ አልሸከማት አለ። አሰልጣኙ አቅፎ ወደ መኪናው ወሰዳት። ሰውዬው ሲያነሳት ምን ያህል እንደቀለለችው ፊቱ ላይ አየሁ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየን። የጭን አጥንቷ ከዳሌው ጋር ከሚገናኝበት ላይ ተሰንጥቋል። ከዕለቱ ልምምድ የመጣ አይደለም፤ ለወራት ሲራብ የከረመ አጥንት ነው። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፤ መራመድን እንደገና ትለማመዳለች፤ ውድድር የሚባለውን ግን ትርሳው አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ የወር አበባዋ ከመቼ ጀምሮ እንደቀረ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። የመዘገብሽበት ወረቀት የለም ወይ አለኝ። አለ፣ አልጠየቅኳትም አልኩት። ከዚያ በኋላ የሚጽፈውን ከኔ መጠየቅ ተወ።

እናቷ ከአረጋውያን መጦሪያ ከሥራዋ በቀጥታ መጣች፤ ዩኒፎርሟን እንኳ አልቀየረችም። ኮሪደሩ ላይ ከነበርነው ሰዎች መካከል መልኬን አይታ ቀጥታ ወደኔ ነው የመጣችው።

"የምግብ ሐኪሟ አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ። እንደምን ነዎት?"

"ምን ብለሽ ነው የከለከልሻት?"

"ምኑን?"

"ምግቡን ነዋ። እቤት የሠራሁትን አትነካም። የዩኒቨርሲቲው ሐኪም ከልክላኛለች፣ እዚያ የሚሰጡኝ አለ ትለኛለች። ለፋሲካ እንኳ ዶሮውን አልቀመሰችም። የታዘዘላት ይሆናል ብዬ እኔው በላሁት።"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። "እኔ ደግሞ እርስዎ የሚያጾሟት መስሎኝ ነበር" አልኳት። "ሁዳዴን ስትጾም ከረመች። አሁንም ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ ስትለኝ..."

"በበዓለ ሃምሳ?" አለችኝ።

አልገባኝም ነበር።

"ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም እኮ። ሕፃን የሚያውቀው ነው።" ድምጿ አልጨመረም። "ሁዳዴንም ቢሆን አልጾመችም። ሯጭ ናት፣ ጉልበት ያስፈልጋታል ብለው የንስሐ አባታችን ራሳቸው ነው የፈቱላት። ወተቷን በየጠዋቱ እቀዳላት ነበር። ለካ ስወጣ እየደፋችው ነው።"

ልጅ ሆኜ ጎረቤቶቻችን ፋሲካ ካለፈ በኋላ ረቡዕ ቀን የሥጋ ወጥ ሲበሉ አይቻለሁ፤ እኛም ጋር ልከውልናል፤ በልቼዋለሁም። ለምን እንደሆነ ጠይቄ ግን አላውቅም። ያልጠየቅኩትን ነገር ነው አስምሬ ለፈረንጅ ያስተማርኩት።

እናትየው አጠገቤ ተቀመጠች። የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። "የምታያት ሐበሻ ናት ስትለኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ" አለች። "ፈረንጅ ብትሆን መጥቼ እጠይቅ ነበር። ሐበሻ ከሆነች ልጄን ታይልኛለች ብዬ ተኛሁ።" ደግሞም "ስልኬ እኮ ፋይሏ ላይ አለ" አለችኝ። አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው፤ በየሰኞው ገልጬው አልፋለሁ።

ልጅቷን እንድናይ ተፈቀደልን። እግሯ በትራስ ተደግፎ ተኝታለች፤ እጇ ላይ ግሉኮስ ገብቷል። እናቷ ሄዳ ግንባሯን ሳመቻትና ከአልጋው ማዶ ቆመች። እኔ ለምን ራስሽን አስራብሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። እሱን ከብዙ ልጆች ሰምቼዋለሁ፤ ሰሌዳ ቢወርድም ልጆቹ ጭንቅላት ውስጥ እንደተሰቀለ ይቀራል። አንድ ነገር ብቻ ነበር ማወቅ የፈለግኩት።

"እናትሽን አንድ ቀን ብጠይቃት ይታወቅብሽ ነበር" አልኳት። "እንዴት ደፈርሽ?"

ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። አልተናደደችም፣ አላለቀሰችም፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው የመለሰችልኝ።

"እንደማትደውዪላት አውቅ ነበር" አለችኝ። "አንቺ ሐበሻ ትንቂያለሽ።"

በአማርኛ ነው ያለችው፤ እናቷም ሰማች።